የዶሮ ቤት በጀጎል ግቢ

ስለ ሐረር ጀጎል ብዙ ተጽፏል። ስለ ግንቡና ስለ በሮቹ፣ ስለ መስጊዶቹና ስለ አድባራቱ፣ ስለ አሚሮቹና ስለ ነጋዴዎቹ የሚያወሱ አያሌ መጻሕፍት በልዩ ልዩ ቋንቋ ታትመዋል። አምስት ዶሮዎች ስለሚያድሩባት ጎጆ ግን የጻፈ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ይህም የሚያስገርም አይደለም። ድልድይና ግድብ፣ መንገድና የውኃ መሥመር ሲያስብ ለሚውል መሐንዲስ የዶሮ ቤት ከቁም ነገር የሚገባ ሥራ አይመስለውም፤ የታሪክ ጸሐፊም ቢሆን ከአሚሮቹ ዜና ወርዶ ወደ ዶሮ ኩስ ለመግባት አይቸኩልም። ሆኖም ሐረር ውስጥ ዶሮ ለማርባት ያሰበ ሰው ሁሉ ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ይኸውም «የት ላድርጋት?» የሚል ነው። ሰፊ ጓሮ ላለው ሰው መልሱ ቀላል ነው። በግንብ በታጠረች፣ ግቢ ከግቢ ጋር ጀርባ ለጀርባ በተጣበቀባት ከተማ ግን ይህ ጥያቄ የውኃን መውረጃ፣ የግድግዳን ጤንነት፣ የጎረቤትን መስኮትና የሌሊት አውሬን በአንድነት የሚመለከት ይሆናል። ዛሬ ለጥያቄው መልስ መስጠት ከቀድሞው ይልቅ የከበደው ደግሞ በዶሮዋ ምክንያት ሳይሆን ግቢው ራሱ በታሪክ ውስጥ ካለፈበት ለውጥ የተነሣ ነው።

በመጀመሪያ የመሬቱን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ጀጎል የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። የግንቡ ዙሪያ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲሆን በውስጡ የሚያቅፈው መሬት 48 ሄክታር ገደማ ነው። አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ማለትም ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር፣ ከተማይቱን ከገጠሩና ከሩቅ ገበያ ጋር ሲያገናኟት ኖረዋል። በ1847 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በዝግታ በሚወርድ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች መሆኗን መዝግቧል። ይህች አጭር ማስታወሻ ለመሐንዲስ ከብዙ ገጽ ትረካ ትበልጣለች። ምክንያቱም በከተማይቱ ውስጥ የሚወድቅ የዝናብ ጠብታ ሁሉ የት እንደሚያልፍና በየት እንደሚወጣ የምታስረዳው እርሷ ናትና።

ውኃው የሚወጣበት ቀዳዳ በግንቡ ሥር አለ። የሐረር ሰዎች «ወረባ ኑዱል» ይሉታል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። በቀን ጎርፍና እድፍ ይወጣበታል፤ በሌሊት ጅብ ይገባበታል። ጅቡም በየጠባቡ መንገድ እየዞረ የተጣለውን አጥንትና ጥምባ እየለቀመ ሲያነጋ ይመለሳል። ከተማይቱ ከአውሬው ጋር እንዲህ ያለ ስምምነት ማድረጓ ለሩቅ አገር ሰው ተአምር ይመስለዋል፤ ለሐረር ግን የጽዳት አገልግሎት አንዱ ክፍል ነበር። አንድ ቀዳዳ ለሁለት ሥራ መዋሉ የከተማይቱን አሠራር በጥሩ ሁኔታ ያሳያል፤ በ48 ሄክታር ውስጥ አንድ ነገር ለአንድ ጉዳይ ብቻ እንዲውል የሚፈቅድ ትርፍ ቦታ የለም።

ግቢውም እንደዚሁ ነው። የሐረር ቤት ወደ መንገድ የሚያሳየው ድፍን ግድግዳና አንድ በር ነው። በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ ደጅ ያስገባል። በዚህ ደጅ ዙሪያ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቤቶች ይቆማሉ፤ በውስጣቸው የሚኖሩትም ብዙውን ጊዜ የሥጋ ዘመዳሞች ነበሩ። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ይሠራል። ግድግዳው በአካባቢው ከሚገኝ ድንጋይ በጭቃ የተገነባ ነው። ጣራው ቀድሞ በአጣና ላይ አፈር የተደለደለበት ጠፍጣፋ ነበር፤ ዛሬ በብዙ ቦታ በቆርቆሮ ተተክቷል። ከጣራው የሚወርደው ውኃ ወደ ደጁ ይገባል፤ ከደጁም በግድግዳው ሥር ባለ መውረጃ ወደ መንገዱ፣ ከመንገዱም ወደ ታችኛው ግንብ ያመራል። እንግዲህ በግቢው ውስጥ ከፍ ያለና ዝቅ ያለ፣ ደረቅና ርጥብ፣ ፀሐይ የሚያገኝና የማያገኝ ማዕዘን አለ ማለት ነው። ነባሮቹ ባለቤቶች ይህን ለማወቅ ደረጃ መለኪያ መሣሪያ አላስፈለጋቸውም፤ በክረምት ደጃፍ ላይ ቆሞ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይበቃል።

በደጋው አማራ አገር ዶሮ የምታድረው ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር ነው። በጎጆው ውስጥ ከፍ ብሎ በተጋደመ እንጨት ላይ ቆጥ ይሠራላታል፤ ሲመሽ ወደዚያ ትወጣለች፤ ሲነጋ ወርዳ በደጅ ትጭራለች። በሐረር ግን ይህ አይሆንም። ጊዲር ጋር የሚባለው የሐረር ቤት ዋና ክፍል ነደባ በሚባሉ ከፍና ዝቅ ባሉ መደቦች የተከፋፈለ ነው። መደቦቹ ምንጣፍ ይነጠፍባቸዋል። ግድግዳው ደግሞ በሴቶች እጅ በተሠሩ ስፌቶችና በተደረደሩ ሳሕኖች ያጌጠ ነው። እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ሽማግሌ የሚከበርበት፣ ሙሽራ የሚገባበት ይህ ክፍል ለዶሮ ቆጥ አይሰጥም። ስለሆነም የደጋው ገበሬ ከቶ ያላሰበበት የሥፍራ ጥያቄ በሐረር ከጥንቱ የነበረ ነው። ዶሮ ከዋናው ቤት ውጭ፣ ግን ከግቢው በር ውስጥ ማደር ይኖርባታል።

ለዚህ የሚስማማው ማዕዘን ማድ ቤቱ ወይም የማድ ቤቱ ጥግ ነበር። ብዙ ምክንያት አለው። በማድ ቤት ጢስ አለ፤ ጢስ ቅማልንና ቅንቅንን ያሸሻል። አመድ አለ፤ ዶሮ በአመድና በደረቅ አፈር ገላዋን ታጥባለች። ፍርፋሪና ጥራጥሬ ይወድቃል። ሙቀት ስላለ ጫጩት ከቆፈን ይድናል። ከሁሉም በላይ የእመቤቲቱ ዓይን ከማለዳ እስከ ማታ ከዚያ አይለይም። የዛሬ የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ሙቀት፣ ደረቅ ወለል፣ የተባይ መከላከያና ክትትል ብሎ በየምዕራፉ የሚዘረዝረው ሁሉ አንድ ጥግ ላይ ተጠቃልሎ ይገኝ ነበር።

ስለ አውሬው ሲነገር ጅብ ስሙ ይገንን እንጂ ለዶሮ ዋናው ጠላት እርሱ አይደለም። ዶሮን የሚጨርሰው ትንሹ ነው። ሸለምጥማጥ በጣራ ላይ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ የጎረቤት ድመት በግድግዳው ጫፍ ትመጣለች፤ አይጥ እንቁላሉንና ጫጩቱን ይጋፋል። በቀን ደግሞ ጭላት አለ። የሐረርን ሥጋ ተራ ያየ ሰው ጭላቱ ከሰው እጅ ላይ ሥጋ ነጥቆ ሲሄድ ሳይመለከት አልቀረም። ከሰው የማይፈራ ወፍ ከእናት ዶሮ ሥር ጫጩት ለመንጠቅ ብዙ አያመነታም። ጠባቡ ደጅ በዚህ ረገድ ጥቅም አለው፤ ግድግዳው ከፍ ያለና ደጁ ጠባብ ከሆነ ጭላት ክንፉን ዘርግቶ ለመውረድና ለመነሣት ይቸገራል። ሰፊ ግልጥ ሜዳ ለዶሮ መልካም ነው የሚለው አሳብ ጭላት ባለበት አገር እንዳለ አይሠራም።

ዶሮ በከተማይቱ ውስጥ ምን ያህል ትፈለግ እንደነበር ለመገመት የገበያውን ልማድ ማስታወስ ይበጃል። ግብፆች በ1868 ዓ.ም. ሐረርን ይዘው እስከ 1877 ዓ.ም. ድረስ ቆይተዋል። በ1879 ዓ.ም. ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ገባ፤ ራስ መኰንንም ገዢ ሆነው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ቆዩ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩ የበዛ ክርስቲያን ሕዝብ በከተማይቱና በአካባቢዋ ሰፈረ። እስላሙም ክርስቲያኑም ዶሮ ይበላል፤ ግን እርዱ ለየራሱ ነው። ከዚህም የተነሣ ዶሮ ከነሕይወቷ ተገዝታ ወደ ቤት ትገባለች እንጂ ታርዳ አትሸጥም ነበር። ለፋሲካ የምትገዛ ዶሮ ዋጋዋ ሳይወደድ ከበዓሉ ቀደም ብላ ትመጣለች፤ እግሯ ታስሮ ወይም በቅርጫት ተከድና ቀናት ትሰነብታለች። እንግዲህ ዶሮ አርቢ ያልሆነውም ሰው ቢሆን የዶሮ ማቆያ ሥፍራ በግቢው ውስጥ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን የእያንዳንዱ ግቢ አንድ ጥግ የሥጋ ግምጃ ቤት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከግንቡ ውጭ በስተ ምዕራብ ያደገው አዲሱ ከተማ ሌላ ዓይነት ነው። መሠረቱ በራስ መኰንን ዘመን ተጀመረ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጣልያን ወረራ ጊዜ ደግሞ በፕላን እየተመራ ተስፋፋ። በዚህ ቤቱ በግቢው መካከል ይቆማል፤ ከፊቱ አትክልት፣ ከኋላው ሰርቪስ ቤት ይኖረዋል። የዶሮ ቤት ከሰርቪሱ በስተኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ይሠራል። ስለዚህ ክፍል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቦታ ያለው ሰው ስሕተቱም ቶሎ አይጎዳውም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከዓለማያ ነው። በ1944 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በዩናይትድ ስቴትስ መንግሥታት ስምምነት፣ ዛሬ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም አማካይነት የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ። ኮሌጁ በ1949 ዓ.ም. በዓለማያ ትምህርት ጀመረ፤ በ1950 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ተመረቀ። ዛሬ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። እንደ ነጭ ሌግሆርን ያሉ የውጭ አገር የዶሮ ዘሮች በኢትዮጵያ ከተስፋፉባቸው ተቋሞች አንዱ ይኸው ኮሌጅ ነበር። የኮሌጁ ሥራ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አዲሲቱ ዶሮ ከአዲስ ጠባይ ጋር መጣች። ያገሬው ዶሮ ጭራ የምትበላ፣ አውሬ ሲመጣ በራ የምታመልጥ፣ ጫጩቷንም ራሷ ታቅፋ የምታሳድግ ናት። ሌግሆርኗ በዓመት ብዙ እንቁላል ትጥላለች፤ መታቀፍን ግን ትታለች፤ ምግቧ ተመዝኖ፣ ውኃዋ ተቀድቶ፣ ብርሃንና አየሯ ተስተካክሎ ይጠብቃታል። ነጭ ላባዋም ለጭላት ከሩቅ የሚታይ ምልክት ነው። በአጭሩ ያገሬው ዶሮ ማደሪያ ጥግ ስትፈልግ፣ የውጭይቱ ቤት ትፈልጋለች። ከዚያ ወዲህ «የት ትደር?» የሚለው ጥያቄ «ቤቷ የት ይሠራ?» ወደሚል ተለወጠ፤ የመሐንዲስም ጉዳይ የሆነው ከዚህ በኋላ ነው።

ቤት ሲሠራ ወዴት ይዙር የሚል ነገር ይከተላል። በዚህ ላይ የኬክሮስ ነገር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ኦክላሆማ ከምድር ሰቅ በስተ ሰሜን 36 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያ አገር በክረምት አጋማሽ ፀሐይ በቀትር ከአድማስ በላይ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብላ በደቡብ ትታያለች። ስለሆነም የዶሮ ቤትን ፊት ወደ ደቡብ ማድረግ፣ የብርዱን ወራት ፀሐይ ወደ ውስጥ መጥራት ማለት ነው። ሐረር ግን 9 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ ላይ ናት። እዚህ ፀሐይ በታኅሣሥ እንኳ በቀትር ከ57 ዲግሪ በላይ ትወጣለች። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ ድረስ ደግሞ በቀትር የምትታየው በስተ ሰሜን ነው። ወደ ደቡብ የዞረ የዶሮ ቤት ዋናው ዝናብ በሚዘንብበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ወለሉ ፀሐይን አብልጦ በሚፈልግበት ጊዜ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ይሰጣል። ለሐረር የሚስማማው የቤቱን ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጎ የማለዳዋን ፀሐይ በምሥራቁ ጠባብ ገጽ ማስገባት ነው። የማለዳ ፀሐይ የሌሊቱን ርጥበት ታደርቃለች እንጂ ዶሮዋን አታቃጥልም፤ የከሰዓት በኋላዋ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ያለችን ዶሮ በአፏ እንድትተነፍስ ታደርጋለች። ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ በተጻፈበት አገር ሰማይ ሥር እውነት መሆኑን ሳይዘነጉ ማንበብ ለዶሮ ቤት ብቻ የሚያገለግል ጥንቃቄ አይደለም።

ርጥበት የተነሣው ያለ ነገር አይደለም። ፈንግል የሚባለው በሽታ በአንድ መንደር ሲገባ ዶሮውን ጠራርጎ ይወስዳል፤ እርሱን የሚከላከለው ክትባት እንጂ የቤት አሠራር ብቻ አይደለም። ነገር ግን የሳንባና የአንጀት በሽታዎች፣ በተለይም ጫጩትን የሚፈጀው ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የሚራቡት በርጥብ ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ከግቢው ዝቅተኛ ጥግ፣ ከውኃ መውረጃው አጠገብ የሚሠራ የዶሮ ቤት ገና ሳይጠናቀቅ የታመመ ቤት ነው። ይህ ጥግ ለሌላ ጉዳይ የማይፈለግ በመሆኑ ብዙ ሰው ለዶሮ የሚመድበው ግን እርሱን ነው።

ወደ 1967 ዓ.ም. የምንመጣው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ዓመት በደርግ መንግሥት የወጡ ሁለት አዋጆች፣ ዶሮ የሚል ቃል ሳይገኝባቸው፣ የጀጎልን የዶሮ ቤት ነገር ከሥሩ ለወጡት። በየካቲት ወር የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ። በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። የሁለተኛው ውጤት በግልጥ የሚታይ ነው። ቀድሞ የአንድ ቤተ ዘመድ የነበረው ግቢ በብዙ ቦታ በቀበሌ ተከራዮች ተከፋፈለ። አንድ ደጅ፣ አንድ መውረጃና አንድ በር ለሦስትና ለአራት ቤተሰብ የጋራ ሆነ። ማድ ቤት ለእያንዳንዱ አስፈለገ፤ የቀድሞው ማድ ቤት መኖሪያ ክፍል ሆነ፤ ደጁ በአነስተኛ የቆርቆሮ ክፍሎች እየተሞላ ሄደ። ዶሮዋ ከማድ ቤቱ ጥግ ተባረረች። የዘመዳሞች ግቢ ሳለ የአንዱ ዶሮ የሌላውን እህል ብትበላ በሳቅ ያልፍ ነበር፤ ለማይተዋወቁ ተከራዮች ግን የቀበሌ ሸንጎ የሚያስሄድ ጠብ ነው። ዶሮዋ ከዚህ ወዲህ ተዘግታ መዋል ያዘች። የሚዘጋባትም ቤት የማንንም መተላለፊያ የማይነካ ቦታ ላይ እንዲሆን ግድ ስለሆነ፣ ከአሮጌው የግቢ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ተሠራ። ሦስት የእንጨት ምሰሶ፣ አንድ ቆርቆሮና ሽቦ ካለ አራተኛው ግድግዳ በነጻ ተገኘ ማለት ነው።

በነጻ የተገኘ የመሰለው ግድግዳ ግን ዋጋውን ይጠይቃል። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ርጥብ ኩስ ትጥላለች። አምስት ዶሮዎች በቀን ግማሽ ኪሎ ግራም፣ በዓመት ከ180 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። በዚህ ኩስ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በመጀመሪያ ወደ አሞንያ ይለወጣል፤ ዓይንን የሚያቃጥለውም ሽታ እርሱ ነው። ቀጥሎ በአፈር ውስጥ ያሉ ረቂቃን ሕዋሳት ወደ ናይትሬት ጨው ይለውጡታል። ጨው ከውኃ ጋር ይሟሟል፤ ውኃውም በጭቃ በተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ውስጥ ልክ በፋኖስ ክር ውስጥ ጋዝ እንደሚወጣ ሁሉ ወደ ላይ ይሳባል። ግድግዳው ሲደርቅ ውኃው ይተናል፤ ጨው ግን ይቀራል። በሚቀርበትም ጊዜ እየረጋ፣ እየጠጠረና እየሰፋ ልስኑን ይገፋዋል፤ ጭቃውን ያፈርሰዋል፤ ለስላሳውን ድንጋይ ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ዝናብ በሚያገኝ እንደ ሐረር ባለ አገር ይህ መርጠብና መድረቅ ይደጋገማል። ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ድረስ ልስኑ ተልጦ፣ ነጭ ብናኝ ወጥቶበት የሚታይ ግድግዳ ይህ በሽታ የያዘው ነው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የጀጎል ግንብ በተሠራበት በ16ኛው መቶ ዓመትና በተከታዩም በእንግሊዝ አገር ለመንግሥት ባሩድ የሚያቀርቡ ሠራተኞች በየሰዉ ግቢ እየገቡ የርግብ ቤትንና የጋጣን ወለል ይቆፍሩ ነበር። የሚፈልጉት ከወፍና ከከብት ኩስ በአፈሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ጨው ነበር። ለባሩድ መሥሪያ የሚበቃ ጨው የሚያወጣ ነገር ለጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ይህን ጉዳት ያባባሰው ደግሞ መድኃኒት ተብሎ የሚሰጠው ሲሚንቶ ነው። ልስኑ ሲረግፍ ባለቤቱ በሲሚንቶ ይለስነዋል፤ ሥራውም ለጊዜው ያማረ ይሆናል። ሲሚንቶው ግን ውኃውን ከውስጥ ይዘጋበታል። ርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ከሲሚንቶው በላይ ይወጣል፤ ከአንድ ሜትር የነበረው ጉዳት ሁለት ሜትር ይደርሳል፤ በመጨረሻም ሲሚንቶው ጭቃውን ይዞ በአንድነት ይወድቃል። የዶሮ ቤቱን ሳያነሡ ግድግዳውን መለሰን የሚፈስ ጣሪያ ሳይደፍኑ ወለል እንደ መወልወል ነው።

በ1998 ዓ.ም. የሐረር ጀጎል በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በዚያው ዓመት የወፍ ጉንፋን ፍርሃት በዓለም ተሰራጭቶ ኢትዮጵያም ደረሰ፤ በሽታው በአገሪቱ ባይረጋገጥም ሰው ዶሮና እንቁላል መግዛት ፈራ። ስለ ከተማ ዶሮ አያያዝ ብዙ ተባለ። ዶሮ ከሰው መኝታ ትራቅ፣ ትዘጋ፣ ከዱር ወፍ ትለይ ተባለ። ምክሩ ትክክል ነው። ሆኖም በጠባብ ደጅ ከመኝታ የራቀ ቦታ ማለት ዞሮ ዞሮ የግቢው ግድግዳ ሥር ነው። ቅርሱን የሚጠብቀውና የሕዝብን ጤና የሚጠብቀው፣ ሁለቱም ስለ አንድ ጎጆ ሲናገሩ፣ እርስ በርሳቸው አለመነጋገራቸው ከዚህ የበለጠ ሊገለጥ አይችልም።

ታዲያ የትኛው ሥፍራ ይሻላል? ግቢ ከግቢ ይለያያልና ለሁሉ የሚሆን ልክ የለም፤ ግን የመሬቱን ጠባይ የተከተለ ሰው ብዙ አይሳሳትም። ቤቷ ከነባሩ ግድግዳ ቢያንስ ሰው መጥረጊያ ይዞ የሚያልፍበትን ያህል፣ ማለት 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ መራቅ አለባት። በራሷ በአራት እግር ቆማ ወለሏ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል አየር ከሥሯ ያልፋል፤ አይጥ መደበቂያ ያጣል፤ ኩሱም በሥሯ በተዘረጋ ቆርቆሮ ላይ ወድቆ በየቀኑ ሊነሣ ይችላል። ከመውረጃው በላይኛው በኩል ትሁን እንጂ ውኃው በሚያልፍበት መሥመር ላይ አትሁን። ቆርቆሮ ጣራዋ ውኃውን ወደ ደጁ መካከል እንጂ ወደ ግድግዳው እንዳይተፋ ይዘንብል። ፊቷ ወደ ምሥራቅ ይሁን፤ በምሥራቅ የጎረቤት መስኮት ካለ ግን ከፀሐይ ይልቅ ጎረቤት ይቅደም፤ ፀሐይን በሌላ በኩል መፈለግ ይቻላልና። ሽቦዋ የሸለምጥማጥ እጅ የማያስገባ ጠባብ ዓይን ይኑረው፤ መዝጊያዋም ማታ ማታ ይቆለፍ። በአንድ ካሬ ሜትር ከአራት ወይም ከአምስት ዶሮ በላይ አይግባ። ለብዙዎቹ የጀጎል ግቢዎች ይህ ማለት በጠቅላላው ከአምስት እስከ ስምንት ዶሮ ማለት ነው። ሃምሳ ዶሮ ለማርባት የሚፈልግ ሰው ሥፍራ መምረጥ ያለበት ከግንቡ ውጭ ነው። ይህን በግልጥ መናገር ይገባል፤ ሴት ልጆቹን በእንቁላል ሽያጭ የሚያስተምር ሰው ቢከፋም እንኳ፣ ግድግዳው ሲወድቅ የሚወድቀው በእነርሱው ላይ ነውና።

ይህ ሁሉ ቢደረግም የኩሱ ነገር ይቀራል። የውኃ እጥረት ለሐረር የቆየ ችግር ነው፤ ከተማይቱ ለብዙ ዓመታት ትጠጣበት የነበረው የዓለማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደርቆ ነበር። በውኃ ማጠብ የሚለው ምክር እዚህ ቀልድ ይመስላል፤ መልካም ባልሆነም ነበር፤ ጨውን ወደ ግድግዳው የሚያደርሰው ያው ውኃ ነውና። ኩስ በደረቁ ተጠርጎ፣ ከአመድና ከገለባ ጋር ተደባልቆ ከግቢ መውጣት አለበት።

የየካቲቱ አዋጅ የሚታሰበው በዚህ ላይ ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ብዙ የሐረር ቤተሰቦች ከግንቡ ውጭ የቡና፣ የጫትና የፍራፍሬ ቦታ ነበራቸው። ከዚያ በአህያ የሚጫን ፍሬና እንጨት በበሮቹ ይገባ ነበር፤ የግቢው ጥራጊ ደግሞ ፍግ ሆኖ የሚደርስበት መሬት ነበረው። ቦታው ሲወሰድ ጥራጊው መድረሻ አጣ። ኩስ ሀብት መሆኑ ቀርቶ ቆሻሻ ሆነ፤ በግድግዳው ሥርም ተቀመጠ። የዶሮ ቤትን ሥፍራ አንድ ባለ ግቢ ብቻውን ሊመርጥ ይችላል። ኩሱን ግን ብቻውን ሊያስወጣ አይችልም። ለዚህ በየበሩ አጠገብ፣ ከግንቡ ውጭ፣ ጥራጊው በደረቁ የሚሰበሰብበትና ገበሬው መጥቶ የሚወስድበት አንድ አንድ ጉድጓድ ያስፈልጋል። ጉድጓዱ ከግንቡ መሠረት ራቅ ብሎ፣ ከጎርፍ መሥመር ወጥቶ፣ አህያና ጋሪ በሚቀርብበት ቦታ መሆን አለበት። ከተማይቱ ወደ ምሥራቅ የምታዘነብል በመሆኗ ለኤረር በር ጉድጓድ ቦታ መምረጥ ከሌሎቹ ይከብዳል፤ የላይኛው ከተማ ጎርፍ ሁሉ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ልኬቱ መጀመር ያለበትም ከኤረር በር ነው።